«ነገርን ከሥሩ»፦ በሙስካት መምህሩና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ሲገናኙ

በሙስካት ምዕራባዊ ክፍል፣ በሲብ ዊላያ በምትገኘው አል-ኹድ፣ የትምህርት ዘመን መግቢያ የራሱ መልክ አለው። ሙቀቱ ገና አልበረደም። ከዳኺሊያ፣ ከባጢና፣ ከሸርቂያና ከሩቁ ዞፋር የመጡ ወጣቶች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ሱልጣን ቃቡስ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። አብዛኞቹ እስከ ሁለተኛ ደረጃ የተማሩት በዐረብኛ ነው። አሁን ሕክምናን፣ ምህንድስናንና ሳይንስን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ይሆናል። ከዋናው ትምህርት አስቀድሞም የመሠረት ዓመት ፕሮግራም ይጠብቃቸዋል።

ከእነዚህ ተማሪዎች ሁለቱን በሐሳብ መከተል ይቻላል። መምህራቸው ቀላል የሚመስል ሥራ ሰጥተዋቸዋል፤ «ስለ ኦማን ፈለጆች 500 ቃል ያለው ዘገባ ጻፉ» የሚል ነው። ፈለጅ ማለት ከተራራ ሥር የወጣውን ውኃ በቦይ እየመራ የቴምር እርሻን የሚያጠጣ፣ የኦማን ገጠር ሕይወት የቆመበት ጥንታዊ የመስኖ ሥርዓት ነው። አንደኛው ተማሪ ስልኩን አውጥቶ ፈለገና ፈለጆች ከክርስቶስ ልደት በፊት 2500 ዓመት ገደማ እንደተጀመሩ ጻፈ። ሁለተኛው ሌላ ገጽ ከፍቶ እ.ኤ.አ. በ500 አካባቢ እንደተጀመሩ ጻፈ። መምህሩ የሁለቱንም የእንግሊዝኛ ሰዋስው አረሙ፤ ሁለቱም የማለፊያ ነጥብ አገኙ። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ግን የ3000 ዓመት ልዩነት ተጋድሞ ቀረ። ማንም አላየውም።

ይህ ምሳሌ ስለ ተማሪ ስንፍና የሚናገር አይደለም። ሁለቱም ተማሪዎች የታዘዙትን ፈጽመዋል፤ ሁለቱም ያነበቡትን ጽፈዋል። ጉድለቱ ያለው በመምህሩ ክፍልና በቤተ መጻሕፍቱ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ነው። ሰዋስው የሚያርመው መምህር ምንጩን የሚመረምርበት ጊዜ አላገኘም፤ ምንጭ መመርመር ሙያው የሆነው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ደግሞ ወረቀቱን አይቶት አያውቅም።

መረጃን ማግኘትና መረጃን ማወቅ

ለዚህ ክፍተት መድኃኒት ሆኖ የሚቀርበው ትምህርት የመረጃ አጠቃቀም ክህሎት ይባላል። አንድ ሰው መረጃ የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ ለይቶ እንዲያውቅ፣ እንዲፈልገው፣ እንዲመዝነው፣ በታማኝነት እንዲጠቀምበትና ያገኘበትን እንዲናገር የሚያስችል ችሎታ ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1974 ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋወቀው ፖል ዙርኮውስኪ የተባለ አሜሪካዊ ነበር። በ2005 በግብጽ እስክንድርያ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ደግሞ ይህን ክህሎት በዲጂታሉ ዓለም ከሰው ልጅ መሠረታዊ መብቶች አንዱ አድርገው የሚያይ አዋጅ አወጡ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ማንበብ የቻለ ሁሉ እውነቱን ከሐሰቱ ለየ ማለት አይደለም።

ኦማን ይህን ጉዳይ በወረቀት ላይ ካሰፈሩት አገሮች አንዷ ናት። ሱልጣን ቃቡስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር። ከዚያ ወዲህ በዋና ከተማዋ ዙሪያ ሌሎች የመንግሥትና የግል ከፍተኛ ተቋማት ተከፍተዋል። ከእነዚህም መካከል በአል-ኹወይር የሚገኘው የሸሪዓ ሳይንስ ኮሌጅና በሩሰይል የዕውቀት መንደር የሚገኘው ሚድል ኢስት ኮሌጅ ይጠቀሳሉ። ተቋማቱ ሲበዙ አዲስ ገቢውን ተማሪ በአንድ ሚዛን ማዘጋጀት አስፈላጊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የመሠረት ዓመት ብሔራዊ መለኪያ አራት ዘርፎችን አስቀመጠ፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ኮምፒዩተርና አጠቃላይ የጥናት ክህሎት።

መለኪያው ከተማሪው የሚጠብቀው ነገር ሲነበብ ሁለት ሙያዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው ይታያሉ። ተማሪው ቢያንስ 500 ቃል ያለው ዘገባ መጻፍ፣ ያነበበውን በራሱ ቃል መልሶ መናገር፣ ማሳጠርና ዋቢ መጥቀስ አለበት። ይህ ለመምህሩ የሚቀርብ ነው። ያው ተማሪ በካታሎግ ተጠቅሞ መጽሐፍ ማግኘት፣ በኤሌክትሮኒክ ምንጮች መፈለግ፣ ምንጩ ወቅታዊና ለጉዳዩ የሚስማማ መሆኑን መዝኖ መቀበል ወይም መጣል፣ ታማኝነቱንም መመርመር አለበት። ይህ ደግሞ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያው የሚቀርብ ነው። የመለኪያው ዓረፍተ ነገሮች አንዱን ሙያ ከሌላው አልለዩም፤ የለየው የሥራ ልማድ ነው።

የአንድ ሰዓት ጉብኝት ለምን አይበቃም

በብዙ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች እንደሚታየው፣ አዲስ ተማሪ ከቤተ መጻሕፍት ጋር የሚተዋወቀው በጉብኝት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሠላሳና አርባ ሆነው ይገባሉ። መደርደሪያው፣ መዋሻው፣ የኮምፒዩተሩ ክፍልና የንባብ ክፍሉ ይታያቸዋል። የመረጃ ቋቶች ስም ይነገራቸዋል። ከዚያ ይወጣሉ፤ ከሁለት ወር በኋላ የጥናት ሥራ ሲሰጣቸው ያን ቀን የሰሙትን አንዱንም አያስታውሱም። ጥያቄ በሌለበት መልስ አይያዝም። ያልተጠማ ሰው የምንጩን መንገድ ቢያሳዩት ልብ አይለውም።

ይህን ከስድሳ ዓመት በፊት በሥራ የፈተኑት ፓትሪሺያ ናፕ የተባሉ የቤተ መጻሕፍት ምሁር ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ዲትሮይት፣ በዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥር በነበረው ሞንቲዝ ኮሌጅ፣ የቤተ መጻሕፍት አጠቃቀምን ከመደበኛ ኮርሶች ሥራ ጋር ለማዋሐድ ሞከሩ። የእሳቸው መነሻ የቤተ መጻሕፍት ችሎታ ለብቻው ተቆርጦ የሚሰጥ ትምህርት ሊሆን እንደማይችል፣ በኮርሱ ጥያቄ ውስጥ መግባት እንዳለበት የሚያሳስብ ነበር። ሙከራው ሌላም ነገር አሳየ፤ ከባዱ ሥራ ተማሪውን ከማስተማር ይልቅ የመምህራኑን ልብ ማግኘት ነው። መምህሩ ያልጠየቀውን ተማሪው አይሠራም፤ ነጥብ የሌለውንም አይፈልግም።

የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው የሚማረው ከጥያቄው ነው። ጥያቄውን የሚጽፉት መምህሩ ብቻ ሲሆኑ መልሱ በአንድ ፍለጋ የሚገኝ ሆኖ ይቀራል። ጥያቄው መምህሩና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው አብረው ተቀምጠው ሲጽፉት ግን ተማሪው ምንጭ ሳያነጻጽር ሊመልሰው የማይችል ይሆናል።

የፈለጁ ጥያቄ እንደገና ሲጻፍ

ወደ ሁለቱ ተማሪዎች መመለስ ይበጃል። አሁን መምህሩ ሥራውን ከመስጠታቸው ሁለት ሳምንት በፊት ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደው ከባለሙያዋ ጋር ተቀመጡ እንበል። ባለሙያዋ «ተማሪዎቹ ምን ያገኛሉ?» ብላ ራሷ ትፈልጋለች። የሚቃረኑት ሁለት ዘመናትም ወዲያው ይወጣሉ። ከዚያ ጥያቄው ይለወጣል፦ «ፈለጅ መቼ እንደተጀመረ የሚናገሩ፣ እርስ በርስ የማይስማሙ ሦስት ምንጮች ፈልጉ። እያንዳንዱ ምንጭ በምን ማስረጃ እንደሚናገር አሳዩ። የትኛውን እንደምትቀበሉና ለምን እንደሆነ ጻፉ።»

በዚህ ጥያቄ ተማሪው የሚያገኘው ትምህርት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኔስኮ አምስት የኦማን ፈለጆችን፣ ማለትም አል-ኸትመይንን፣ አል-መልኪን፣ ዳሪስን፣ አል-ጂላንና ሙየሰርን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። በመዝገቡ መግለጫ ላይ ሁለቱም ዘመናት ጎን ለጎን ሰፍረዋል። የሥርዓቱ መነሻ እ.ኤ.አ. እስከ 500 ሊሄድ እንደሚችል ይናገርና፣ በዚህ ደረቅ ምድር መስኖ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ዓመት እንደነበረ የቁፋሮ ማስረጃ እንደሚያመለክት ያክላል። እንግዲህ አንዱ ተማሪ የጻፈው የመስኖን ዘመን፣ ሌላው የጻፈው የፈለጅን ዘመን ነበር። ሁለቱም ከአንድ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ግማሹን ቆርጠው ወስደዋል።

ፍለጋው በዚህ አይቆምም። በደቡብ ምሥራቅ ዐረቢያ የተካሄዱ ቁፋሮዎችን የሚከተሉ ብዙ አጥኚዎች ከመሬት በታች የተፈለፈለው ፈለጅ በብረት ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1000 ዓመት አካባቢ እንደታየ ይናገራሉ። ሦስተኛ ዘመን መጣ ማለት ነው። ተማሪው ይህን ለማስታረቅ ፈለጅ ሦስት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ይኖርበታል። ከእናት ጉድጓድ በዋሻ የሚመጣው ዳውዲ፣ ከወንዝ ሸለቆ ላይ በገጽ የሚጠለፈው ገይሊ፣ ከምንጭ የሚነሳው ዐይኒ ናቸው። ስለየትኛው እንደሚነገር ሳይለዩ ስለ ዕድሜ መከራከር ከንቱ ነው።

በአራተኛ ደረጃ የሚመጣው የአገሬው ትውፊት ነው። የኦማን አረጋውያን ነቢዩ ሱለይማን ኢብን ዳውድ (ዐለይሂ ሰላም) በዚህ ምድር ሲያልፉ ለእሳቸው በተገሩት ጂኖች አማካይነት በ10 ቀን ውስጥ 10,000 ፈለጅ አስቆፈሩ እያሉ ሲተርኩ ኖረዋል። የ«ዳውዲ» ስምም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ጥሩ መምህር ተማሪው ይህን ትረካ እንዲንቅ አያደርግም፤ በቦታው እንዲያስቀምጠው ያስተምረዋል። ትውፊቱ ሕዝቡ ስለ ፈለጁ ያለውን ክብር የሚያስረዳ ምንጭ ነው፤ የቁፋሮ ሪፖርቱ ስለ ዘመኑ የሚያስረዳ ምንጭ ነው። ምንጭን መመዘን ማለት እያንዳንዱን በሚመሰክርበት ጉዳይ መጠየቅ ነው።

በክፍለ ጊዜው ላይ ሁለቱ ባለሙያዎች አብረው ይቆማሉ። ባለሙያዋ የፍለጋውን መንገድ ታሳያለች፤ መምህሩ የክርክሩን ይዘት ያስረዳሉ። ተማሪዎቹም የፍለጋ ማስታወሻ ይይዛሉ። በምን ቃል እንደፈለጉ፣ ምን እንዳገኙ፣ ምኑን ለምን እንደጣሉ ይመዘግባሉ። በመጨረሻም ወረቀቱ ሲታረም ነጥቡ ይከፈላል። ጥቂቱ ለቋንቋው፣ ጥቂቱ ለክርክሩ፣ ጥቂቱ ለማስታወሻውና ለዋቢው ይሰጣል። የመጨረሻውን ክፍል ባለሙያዋ ታየዋለች። ይህ ሲሆን ተማሪው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋን መጽሐፍ የምታውስ ሠራተኛ ብቻ አድርጎ አያያትም፤ እንደ መምህሩ መምህርት ናት።

የቃላት አጥር

በሙስካት ይህ ሥራ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለበት፤ እሱም ቋንቋ ነው። ተማሪው በዐረብኛ «ፈለጅ» ብሎ ያገኘውን ሁሉ በእንግሊዝኛ አያገኝም። የብዙ ቁጥሩ «አፍላጅ» ነው፤ አንዱን ጽፎ የፈለገ ሌላውን ሊያጣ ይችላል። በፋርስ ተመሳሳዩ ሥርዓት «ቃናት» ይባላል፤ በሰሜን አፍሪካ ሰሐራ ደግሞ «ፎጋራ» ይባላል። እነዚህን ስሞች የማያውቅ ተማሪ ስለ አንድ ነገር የተጻፈውን ግማሽ ዓለም ሳያይ ይቀራል። የቦታ ስሞችም እንዲሁ ናቸው። አል-ኹድ ራሷ በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ትጻፋለች።

አማርኛ ተናጋሪው አንባቢ ይህን ችግር በሚገባ ያውቀዋል። የአያቱን ስም በፓስፖርት ላይ በአንድ ዓይነት፣ በመኖሪያ ፈቃድ ላይ በሌላ ዓይነት ተጽፎ ያላየ ጥቂት ነው። «ወሎ»ም ሆነ «ሐረር» በውጭ አገር መጻሕፍት ውስጥ እንደ ጸሐፊው ፊደላቸው ይለዋወጣል። በአንዱ አጻጻፍ ብቻ የፈለገ ተማሪ «ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈ የለም» ብሎ ይደመድማል። የተጻፈው ግን አለ፤ የጎደለው ቁልፉ ነው። ይህን ቁልፍ በእጁ የያዘው ደግሞ ካታሎግ ሲሠራ የሚውለው ባለሙያ ነው።

በሩ በሌላ በኩል ተከፍቷል። ኦማን «መሳዲር» የተባለ፣ ትርጉሙም «ምንጮች» ማለት የሆነ፣ ብሔራዊ ምናባዊ የሳይንስ ቤተ መጻሕፍት አቋቁማለች። በእሱ አማካይነት የአገሪቱ ከፍተኛ ተቋማት ዓለም አቀፍ የምርምር መጽሔቶችን ያገኛሉ። «ሹዓዕ» የተባለው ማከማቻ ደግሞ በኦማን የተሠሩ ጥናቶችን ይሰበስባል። ሱልጣን ቃቡስ ዩኒቨርሲቲም የመረጃ ጥናት ትምህርት ክፍል ስላለው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሚሠለጥነው እዚያው አል-ኹድ ነው። ሀብቱ አለ፤ ባለሙያውም አለ። የቀረው የኮርሱ መምህርና ይህ ባለሙያ የሚገናኙበት ሰዓት ነው።

ማሽኑ ሲዋሽ

ጉዳዩ ቀድሞ ቢዘገይ የሚያስከትለው ጉዳት ውስን ነበር። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ወዲህ፣ ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከቀረበ በኋላ ግን የማይዘገይ ሆኗል። እንዲህ ያለው መሣሪያ የተጠየቀውን ሁሉ በሚያምር ቋንቋ ይመልሳል፤ አንዳንድ ጊዜም የሌለ መጽሐፍና የሌለ ጥናት ከነደራሲው ፈጥሮ ያቀርባል። በ2023 በኒው ዮርክ ሁለት ጠበቆች በዚህ መንገድ ያገኟቸውን፣ በየትኛውም ፍርድ ቤት ያልታዩ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው ለዳኛ አቀረቡ። ዳኛው የ5,000 ዶላር ቅጣት ጣሉባቸው። ጠበቆቹ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ያጡት ነገር አንድ ነው፤ የተጠቀሰውን ምንጭ ራሱን ከፍቶ የማየት ልማድ አልነበራቸውም።

የትምህርት ደረጃ ብቻውን ይህን ልማድ እንደማይሰጥ ሌላ ማስረጃም አለ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳም ዋይንበርግና ሳራ መክግሩ 10 የታሪክ ምሁራን፣ 10 በሙያቸው መረጃ የሚያጣሩ ሰዎችና 25 የስታንፎርድ ተማሪዎች የኢንተርኔት ገጾችን ታማኝነት እንዲመዝኑ አደረጉ። ምሁራኑና ተማሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በገጹ ላይ ቆይተው መልኩን፣ አርማውንና አጻጻፉን አዩ፤ ብዙዎቹም ተታለሉ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ብዙም ሳያነቡ ወጥተው፣ ስለ ባለቤቱ ሌሎች ምን እንደሚሉ ፈለጉ። በአጭር ጊዜ ወደ ትክክለኛው መልስ የደረሱትም እነሱ ናቸው። ሰውን ለማወቅ ጎረቤቱን መጠየቅ እንደማለት ነው።

ለሕክምና ተማሪ ደግሞ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ታዋቂው ላንሴት መጽሔት በ12 ሕፃናት ላይ የተመሠረተ፣ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አሳተመ። መጽሔቱ ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ የሰረዘው በ2010 ነበር። በእነዚያ 12 ዓመታት ውስጥ የተዘራው ጥርጣሬ ግን እስከ ዛሬ በየቋንቋው ይዞራል። ጽሑፉን ያገኘ ተማሪ «በትልቅ መጽሔት ላይ ወጥቷል» ብሎ ቢቀበለው በከፊል ተምሯል ማለት ነው፤ «ከወጣ በኋላ ምን ደረሰበት?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ትምህርቱ ይሞላል። ይህን ሁለተኛ ጥያቄ የሕክምና መምህሩ ከነምክንያቱ ያስረዳሉ፤ የመሰረዙን ማስታወቂያ የት እንደሚፈልግ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ያሳያል።

ሰነድ የሚለው ቃል

ለሙስሊም ተማሪ ይህ ሁሉ ከባዕድ አገር የመጣ ዕውቀት መስሎ ሊታየው አይገባም። አማርኛ ተናጋሪው ለጽሑፍ ማስረጃ የሚጠቀምበት «ሰነድ» የሚለው ቃልና የሐዲስ ሊቃውንት ለዘጋቢዎች ሰንሰለት የሚጠቀሙበት «ሰነድ» በድምፅ አንድ ናቸው። ሊቃውንቱ አንድን ዘገባ ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ከማን ሰማኸው? እሱስ ከማን?» ብለው ነው። ሰንሰለቱ ከተበጠሰ፣ ወይም ከዘጋቢዎቹ አንዱ በትዝታው ደካማ ከሆነ፣ ዘገባው ቃሉ ቢያምርም ደረጃው ዝቅ ይላል። አንድን ሐዲስ ከምንጩ ለመስማት ከአገር አገር የተጓዙ ነበሩ፤ ኸጢብ አል-ባግዳዲ ስለዚህ ጉዞ ብቻ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል።

የኦማን ምድርም የዚህ ታሪክ ተካፋይ ናት። ከኒዝዋ አጠገብ የተወለዱት ጃቢር ኢብን ዘይድ ዕውቀት ፍለጋ ወደ በስራ ሄደው ከኢብን ዐባስ (ረዲየሏሁ ዐንሁ) የተማሩ ነበሩ። በወሎ ደግሞ ደረሳ ስንቁን ይዞ ከአንዱ ሸይኽ ወደ ሌላው ይዘዋወር ነበር፤ ኪታቡን በሸይኹ ፊት አንብቦ ኢጃዛ ሳይቀበል ለሌላው አያስተምርም ነበር። ኪታብ ያለ ሸይኽ፣ ሸይኽም ያለ ኪታብ አይበቃም የሚለው ይህ የቆየ ሥርዓት፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መምህሩንና ቤተ መጻሕፍቱን አብረው እንዲሠሩ ሲጠይቅ ከሚለው ጋር ይገጥማል።

የመጻሕፍትን ዝርዝር ማዘጋጀትም በዚህ ሥልጣኔ ክብር ያለው ሙያ ነበር። በባግዳድ የመጽሐፍ ነጋዴው ኢብን አን-ነዲም እ.ኤ.አ. በ987 «አል-ፊህሪስት» የተባለውን በዘመኑ የሚታወቁ መጻሕፍትና ደራስያን የተዘረዘሩበትን ሥራ አዘጋጀ። ዛሬ በካታሎግ ፊት የሚቀመጠው ባለሙያ የዚህ ሙያ ወራሽ ነው።

መሰናክሎቹ

ይህ ሁሉ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በሥራ ላይ ግን መሰናክሉ ብዙ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። የመሠረት ዓመት መምህር በሴሚስተሩ ውስጥ ሊሸፍነው የሚገባ የተቆጠረ ትምህርት አለው፤ ለሌላ ሰው የሚሰጠው ክፍለ ጊዜ ከራሱ የተቀነሰ ይመስለዋል። ሁለተኛው ቁጥር ነው። የመሠረት ዓመት ተማሪዎች በብዙ ክፍሎች ይከፈላሉ፤ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ግን ጥቂት ናቸው። አንድ ባለሙያ በየክፍሉ ሊቆም አይችልም። ስለዚህ ባለሙያው መምህራኑን ራሳቸውን የሚያሠለጥንበት፣ ከመምህራኑ ጋር የጋራ ማስተማሪያ የሚያዘጋጅበት መንገድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ስለ ደረጃ ያለው አመለካከት ነው። በብዙ ተቋማት መምህሩ አካዳሚያዊ፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው አስተዳደራዊ ሠራተኛ ተብለው ይመዘገባሉ። ሥርዓተ ትምህርት በሚቀረጽበት ስብሰባ ላይ ሁለተኛው አይጠራም። ያልተጠራ ሰው ደግሞ በማያውቀው ኮርስ ሊረዳ አይችልም። ይህ አጥር በደብዳቤ ብቻ አይፈርስም፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የቤተ መጻሕፍቱን ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ ወንበር ሲሰጠው ይፈርሳል።

አራተኛው ቅጣትን ከትምህርት መቀላቀል ነው። የሌላ ሰው ጽሑፍ እንደ ራስ አድርጎ የማቅረብን ስህተት የሚይዝ ሶፍትዌር መግዛት ቀላል ነው። ሶፍትዌሩ ግን ተማሪው በራሱ ቃል መጻፍን እንዴት እንደሚለምድ አይነግረውም። በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚገለብጠው ሊያታልል ፈልጎ ሳይሆን የራሱ ቃል ስላነሰበት ነው። እዚህ ላይ የቋንቋ መምህሩ ማሳጠርን ያስተምራል፤ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዋቢ አጠቃቀምን ያስተምራል። ሁለቱ ካልተገናኙ ተማሪው የሚያገኘው ቅጣቱን ብቻ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲታይ

ኢትዮጵያ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቦታ አለ። በ2012 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲመለሱ፣ «ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ» የሚለው ኮርስ ከእንግሊዝኛው ኮርስ ጋር አብሮ ገብቷል። አንደኛው ስለ ማስረጃና ስለ ክርክር፣ ሁለተኛው ስለ ንባብና ጽሕፈት ያስተምራል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው በሁለቱ መካከል ቢገባ አዲስ ኮርስ መቅረጽ ሳያስፈልግ ሥራው ይጀመራል። ባለሙያ ማሠልጠንም ለአዲስ አበባ እንግዳ ሙያ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት የተቋቋመው ለአፍሪካ ጭምር ነበር።

ጥያቄውም ከሩቅ መምጣት የለበትም። የኦማን ፈለጆች በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡበት በዚያው በ2006 የሐረር ጀጎልም ተመዝግቧል። የዩኔስኮ መግለጫ ግንቡ ከ13ኛው እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተሠራ ይናገራል። የሐረር ሰው ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገዙት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ መሆናቸውን ይተርካል፤ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎችም ይህን ይከተላሉ። በሐረማያም ሆነ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ መምህር ከቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ጋር ተቀምጦ «እነዚህን ሁለት ምንጮች አስታርቁ» የሚል ሥራ ቢሰጥ፣ ከሙስካቱ የፈለጅ ጥያቄ ያነሰ ትምህርት አይገኝበትም።

ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውጭም የዚህ ትምህርት ፍሬ ይቀመሳል። በሩዊና በሲብ፣ በዱባይና በጅዳ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በየቀኑ በስልኩ የሚደርሰው መረጃ ከተማሪው ያነሰ አይደለም። ስለ ቪዛ ለውጥ፣ ስለ ምሕረት አዋጅ፣ ስለ ሥራ ዕድል፣ ስለ መድኃኒት የሚነገር የድምፅ መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ማን እንደላከው የማይታወቅ አንድ መልእክት የአንድ ቤተሰብን የዓመት ጥሪት ሊያስበላ ይችላል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ወይም እህት ያላት ቤት በዚህ ጊዜ የምትጠይቀው እሱን ወይም እሷን ነው። «ይህ እውነት ነው ወይ?» የሚለው የእናት ጥያቄ ከየትኛውም የክፍል ፈተና የከበደ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል የአገሬው ሰው። ለፈለጅ ጠባቂው ይህ አባባል የዕለት ሥራው ነው፤ ውኃው በሜዳው ላይ ሲደፈርስ ቦዩን ተከትሎ ወደ ላይ፣ እስከ እናት ጉድጓዱ ድረስ ይሄዳል። እነዚያ ሁለት ተማሪዎችም በአዲሱ ጥያቄ የተሰጣቸው ሥራ ይኸው ነበር። ወረቀታቸውን በሁለተኛው ጊዜ ሲያስረክቡ የጻፉት ዘመን አሁንም ላይመሳሰል ይችላል። በዚህኛው ወረቀት ላይ ግን እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ ተጽፏል፤ መምህሩና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋም ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው አንብበዋቸዋል።